ከመጥረቢያው በፊት ጎንበስ ብለን ሥሩን እንይ



ባለፈው ወር በዚሁ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ፣ በመንገዳችን ግራና ቀኝ የቆሙት «የማያፈሩ» የፍራፍሬ ዛፎች ተቆርጠው ለማገዶ እንዲሸጡ፣ ገንዘቡም ለማኅበሩ ገቢ እንዲሆን ሐሳብ መቅረቡን ሁላችንም አንብበናል። ጉዳዩ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ በድምፅ ብልጫ ይወሰናል ተብሏል። ሐሳቡን ያመጡት ሰዎች ለሰፈሩ አስበው እንጂ በክፋት እንዳላመጡት የታወቀ ነው። እውነትም ዛፎቹ ከተተከሉ ዓመታት አልፈዋል። ቁመታቸው ከአጥር በላይ ሆኗል፤ ቅጠላቸው እየረገፈ ቦይ ይዘጋል። ፍሬ ሲባል ግን ወይ የለም፣ ወይም ቢኖር አፍ አይገባም። ታዲያ ሰው «ይቆረጥና እንገላገል» ቢል ምን ይፈረድበታል?

እኔ ግን በበኩሌ በዚህ ሐሳብ አልስማማም። የማልስማማውም ዛፍ ሁሉ አይነካ ለማለት አይደለም። መቆረጥ ያለበት ዛፍ አለ፤ እሱን ከታች እመለስበታለሁ። ክርክሬ እንዲህ ነው፦ ከእነዚህ ዛፎች ብዙዎቹ መካን አይደሉም። የተተከለው ሌላ፣ ዛሬ ቆሞ የምናየው ሌላ ሆኗል። እኛ የገዛነውን ዛፍ ከሥሩ የወጣ ሌላ ዛፍ ቀምቶታል። የቀሩትንም በገጀራ እየጨፈጨፍን ቅጠል ብቻ እንዲያበቅሉ ያስተማርናቸው እኛው ነን። ሁለቱም በእጅና በትንሽ መጋዝ የሚቃና ነገር ነው። እንግዲህ ነገሩን አንድ በአንድ እንየው።

ከችግኝ ጣቢያ በገንዘብ የምንገዛው አቮካዶ ወይም ብርቱካን ሲያዩት አንድ ዛፍ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው። የታችኛው፣ ማለትም ሥሩና አጭሩ የግንድ ክፍል፣ ብዙውን ጊዜ ከዘር የበቀለ ብርቱ ዝርያ ነው። አፈሩን፣ ድርቁን፣ የሥር በሽታውን እንዲችል ተብሎ የተመረጠ ነው። የላይኛው ግን ፍሬው ጥሩ ከሆነ ዛፍ ላይ ተወስዶ የተቀጠለ ቅርንጫፍ ወይም ዓይን ነው። ነጋዴው «ይኼ ግራፍት ነው» እያለ ዋጋውን ከፍ የሚያደርገውም ስለዚህ ነው። ሁለቱ የተጋጠሙበት ቦታ ከመሬት አንድ ወይም ሁለት ስንዝር ከፍ ብሎ እንደ ጠባሳ፣ ወይም እንደ ጉልበት እብጥ ብሎ ይታያል። የቅርፊቱም መልክ ከላይና ከታች ይለያያል።

ይህችን ጠባሳ ድንበር በሏት። ከድንበሩ በላይ የበቀለ ሁሉ የከፈልንበት ነው። ከድንበሩ በታች የሚያቆጠቁጥ ሁሉ ያልገዛነው፣ ያልመረጥነው ነው። ይህን የታችኛውን ለመግባባት ያህል የሥር ቡቃያ እንበለው። ከድንበሩ በላይ፣ ከግንዱ ወይም ከወፍራም ቅርንጫፍ ላይ እንደ ጦር ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ የሚወረወረውን ደግሞ ሽቅብ ቀንበጥ እንበለው። ሁለቱ ሲታዩ ወንድማማች ይመስላሉ። ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው፤ መድኃኒታቸውም እንዲሁ። ሰፈራችን የተሳሳተው ሁለቱን አንድ አድርጎ በማየቱ ነው።

መጀመሪያ የሥር ቡቃያውን እንይ። ይኸ ቡቃያ ለሥሩ ቅርብ ነው። ማጀት በር ላይ የተቀመጠ ሰው ሰሐኑ ሳያልፈው እንደሚያነሣ ሁሉ፣ እሱም ከሥር የሚወጣውን ውሃና ምግብ ቀድሞ ይወስዳል። ከዚያም ቶሎ ይረዝማል፣ ቅጠሉን ያሰፋል፣ በላይኛው ላይ ጥላ ይጥላል። ላይኛው ምስኪን በጥላው ሥር እየቀጨጨ ይሄዳል። ሦስትና አራት ዓመት ሲሆነው ይደርቃል፤ ሲደርቅም ማንም አያስተውልም፤ ምክንያቱም ዛፉ ከሩቅ ሲታይ ለምለም ነው። «አቮካዶዬ ደጉ አደገልኝ» ይባላል። ያደገው ግን ሌላ ነው።

እንዴት ይታወቃል ለሚል፦ በብርቱካንና በመንደሪን ላይ ምልክቱ ቀላል ነው። ለብርቱካን ሥር ከሚሆኑት ዝርያዎች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ትሮየር የሚባለው፣ ቅጠላቸው በአንድ አገዳ ላይ ሦስት ሦስት ሆኖ ይወጣል። የብርቱካን ቅጠል ደግሞ ነጠላ ነው። ስለዚህ ከዛፋችሁ ሥር ባለ ሦስት ቅጠል ቀንበጥ ካያችሁ ጥያቄ የለውም፣ እንግዳ ነው። እሾኹም ረጅምና ጠንካራ ይሆናል። ፍሬ ቢያፈራም መራራ ወይም ኮምጣጣ ነው። በአቮካዶ ላይ ግን ቅጠሉ ስለሚመሳሰል ዓይን ብቻውን አይበቃም። አንዳንዱ የአቮካዶ ዝርያ ቅጠሉ ሲታሽ እንስላል እንስላል ይሸታል፤ ላይኛው ሳይሸት ታችኛው ከሸተተ ወይም ተቃራኒው ከሆነ ሁለት ዝርያ እንደ ሆነ ይገባናል። ዋናው ማረጋገጫ ግን ያው ጠባሳዋ ናት። ጎንበስ ብሎ አፈሩንና ቅጠሉን ጠረግ አድርጎ ቡቃያው ከጠባሳዋ በላይ ወይስ በታች እንደ ወጣ ማየት ነው። ይኸን ለማየት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ጉልበት ማጠፍ ብቻ ነው።

የሥር ቡቃያ እንዲበዛ የምናደርገውም ብዙውን ጊዜ እኛው ነን። ዛፉን ስንኮተኩት ዶማው ግንዱንና ሥሩን ያቆስለዋል። እንደ ፕሪምና ዘይቱን ያሉት ደግሞ ሥራቸው በቆሰለበት ሁሉ ያቆጠቁጣሉ። ፍየልና በግ የላይኛውን ቀንበጥ ሲቀጥፉት ታችኛው ይነቃል። ላይኛው ውሃ ሲጠማውና ሲዳከም ታችኛው ያን ጊዜ ቦታ ያገኛል። አንዳንዱም ሰው ችግኙን ሲተክል ጠባሳዋን ጭምር በአፈር ይቀብራታል። ከዚያ በኋላ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ መለየት አይቻልም፤ ግንዱም በእርጥበት ይበሰብሳል።

አሁን ወደ ሽቅብ ቀንበጥ እንለፍ። ይኸኛው የገዛ ልጃችን ነው። ዝርያው ያው የገዛነው ነው፤ ጊዜ ቢሰጠው ያፈራል። ችግሩ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲወጣ ነው። ለምን ይወጣል? መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ አገራችን የተለማመደችውን ባሕር ዛፍ ተመልከቱ። አንድ ግንድ ይቆረጣል፤ በክረምቱ ከጉቶው ዙሪያ አሥርና ሃያ ቀንበጥ ያቆጠቁጣል። እንሰት የሚያባዙ ገበሬዎችም ይህን ጥበብ ከጥንት ጀምረው ያውቁታል። የአምቾውን መሐል፣ ማለትም የሚያድገውን ዓይን፣ ፈልቅቀው ያወጡና ይቀብሩታል። በዙሪያው ብዙ ችግኝ ይወጣል። ዋናው ዓይን በቦታው ሳለ ሌሎቹን ዓይኖች አስተኝቶ ይይዛቸዋል፤ ሊቃውንቱ ይኸን የሚያደርገው ከጫፍ ወደ ታች የሚወርድ ኦክሲን የተባለ ቅመም ነው ይላሉ። ጫፉ ሲቆረጥ ያ ቅመም ይቀራል፣ የተኙት ሁሉ ይነቃሉ። ሥሩ ደግሞ ለትልቅ ዛፍ የሚበቃ ምግብ ይዞ እንደ ተቀመጠ ነው፤ ያን ሁሉ ኃይል በቀረው ጉቶ ላይ ይለቀዋል።

እንግዲህ በሰፈራችን የሚደረገውን ከዚህ ጋር አስተያዩት። ለበዓል ሲደርስ የቀን ሠራተኛ ይጠራል፣ ገጀራ ይሰጠዋል፣ «ይኼን ዛፍ አጽዳልን» ይባላል። እሱም የታዘዘውን ይሠራል፤ አናቱን ይመታዋል። ዛፉ ራሱን እንደ ተላጨ ሕፃን ይሆናል። አጥሩ ብርሃን ያገኛል፤ ሁላችንም «እሰይ» እንላለን። ክረምቱ ሲወጣ ግን በእያንዳንዱ ጉቶ ላይ መጥረጊያ የመሰለ ቀንበጥ ይቆማል። የሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይመታል። ቀንበጡ ደግሞ ለአበባ ሳይደርስ በየዓመቱ ስለሚቆረጥ ፍሬ ከወዴት ይምጣ? ቀጥ ብሎ የሚያድግ ቅርንጫፍ ቅጠልና ቁመት ያበዛል፤ ዘንበል ያለው ቅርንጫፍ ደግሞ ወደ አበባና ፍሬ ያዘነብላል። እኛ በየዓመቱ ዘንበል ያለውን ቆርጠን ቀጥ ያለውን እናስወጣለን። ከዚያም ዛፉን «አያፈራም» ብለን እንከሰዋለን።

የተጨናነቀ ቀንበጥ ጉዳቱ ፍሬ ማጣት ብቻ አይደለም። ነፋስና ፀሐይ የማይገባበት ዛፍ የተባይ መደበሪያ ነው። ክሽክሽም ሆነ የብርቱካን ቅጠል እየቦረቦረ የሚጠመዝዘው ትል የሚወዱት ለጋውን ቅጠል ነው። በማንጎም ላይ በ2010 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ወለጋ ታይቶ ከዚያ ወዲህ በአገሪቱ የተስፋፋው ነጭ ተባይ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ባለ ዛፍ ውስጥ ይመቸዋል። መድኃኒት ለመርጨት ከመሮጥ በፊት ዛፉን ከፈት ማድረግ ርካሽ መድኃኒት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሐሳቤን በአጭሩ አቀርባለሁ።

የሥር ቡቃያን በተመለከተ ሕጉ አንድ ነው፦ ሳይቃጠል በቅጠል። ቡቃያው ጣት ሳያክል፣ ገና ለጋ ሳለ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ከሥሩ ይዞ ወደ ጎን ገንጥሎ ማውጣት ነው። መገንጠል ከመቁረጥ የሚሻልበት ምክንያት አለው። ሲገነጠል በእግሩ ሥር የተኙት ትናንሽ ዓይኖች አብረውት ይወጣሉ። በመቀስ ከተቆረጠ ግን ጉንጫን ይቀራል፤ ከጉንጫኑም አንድ የነበረው ሦስት ሆኖ ይመለሳል። የጠነከረው ግን እንገንጥልህ ቢባል ቅርፊት ይዞ ይላጫል። እሱ በሹል መጋዝ ከግንዱ ጋር አስጠግቶ፣ አፈሩን ከፈት አድርጎ ከመነሻው ይቆረጥ። በአረም መድኃኒት እናቃጥለዋለን የሚሉም አሉ። ይኸ አደገኛ ነው። ቡቃያውና ዛፉ በአንድ ሥር የተያያዙ ስለ ሆኑ መርዙ ወደ እናት ዛፉ ሊሄድ ይችላል።

ሽቅብ ቀንበጥን በተመለከተ ግን ሁሉንም መጨረስ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ጉዳት አለው። የሚሻለው መምረጥ ነው። ከየቦታው የበዛውን ገና ለጋ ሳለ መገንጠል፤ በዛፉ መሐል የተሻገረውንና የተፋተገውን ከመነሻው ማውጣት፤ ክፍተት ባለበት የወጣውን ጤነኛውን ማስቀረት። የቀረውን በገመድ ወይም በዱላ ቀስ አድርጎ ዘንበል ማድረግ። ዘንበል ያለው ነገ የፍሬ ቅርንጫፍ ይሆናል። በአንድ ዓመት ከዛፉ ቅጠል ከሩብ በላይ አለማንሣት። ከዚያ በላይ ሲሆን ዛፉ ይደነግጣል፣ በቀንበጥ ይመልስልናል። ረጅም ዛፍ ማሳጠር ያስፈለገው ሰውም በአንድ ቀን አናቱን ከመምታት ይልቅ በሁለትና በሦስት ዓመት፣ በየዓመቱ አንድ ወይም ሁለት ረጅም ቅርንጫፍ ከመነሻው እያወጣ ቢያወርደው ይሻለዋል። በድንገት ለፀሐይ የተጋለጠ የአቮካዶና የብርቱካን ግንድ ቅርፊቱ ስለሚቃጠል ኖራ በውሃ በጥብጦ መቀባት ነው። ለበዓል ለጌጥ የምንቀባው ኖራ ለዚህ ሲሆን እውነተኛ ሥራ ይሠራል።

ጊዜውን በተመለከተ፦ ቡቃያ ዝናብን ይከተላል። ስለዚህ ከበልግ ዝናብ በኋላ በሚያዝያ፣ በክረምቱ መሐል በሐምሌ፣ ዝናቡ ሲወጣ በመስከረም፣ ከዚያም በኅዳር አንድ አንድ ጊዜ ጎንበስ ማለት ነው። ለቡቃያ መገንጠል ወቅት አይጠበቅም፤ በታየበት ቀን ነው። በመጋዝ የሚሠራው ትልቁ ሥራ ግን ፍሬው ከተለቀመ በኋላ በደረቅ ቀን ይሁን። በዝናብ የተቆረጠ ቁስል በሽታ ይስባል። መቀሱና መጋዙ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲዛወር አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ተበጥብጦ ይጠረግ። ሥራው ሲያበቃ ታጥቦ ዘይት ይነካ፤ አለበለዚያ በረኪናው ያዝገዋል። ማንጎ የሚነካ ሰው ደግሞ ወተቱ ቆዳ እንዳያቃጥለው ይጠንቀቅ።

አሁን ደግሞ የሚነሡትን ተቃውሞዎች እንይ፤ ሳያዩ ማለፍ ደግ አይደለም።

አንደኛ፣ «እግዜር ያበቀለውን ለምን እንነቅላለን?» የሚሉ አዛውንት አሉ። አክብሬ እመልሳለሁ። ጎመን ስንተክል አረሙንም እግዜር ነው ያበቀለው፤ እንነቅለዋለን። የተዳቀለ ዛፍ የሰው እጅ ያጣመረው ነው። የሰው እጅ ካልጠበቀው ወደ ቀድሞ ባሕርይው ይመለሳል።

ሁለተኛ፣ «የኔ ሎሚ ሠላሳ ዓመት ተቆርጦ አያውቅም፣ ይኸው ያፈራል» የሚል አለ። እውነቱን ነው። ያ ሎሚ ከዘር የበቀለ ነው። ከሥሩም ከጫፉም የሚወጣው አንድ ዓይነት ሎሚ ነው። ከዘር ወይም ከቁራጭ የበቀለ ዘይቱን፣ ሮማን፣ በለስም እንዲሁ ነው። ለእነዚህ የሥር ቡቃያ ጠላት አይደለም፤ ሦስት ወይም አራት ግንድ አድርጎ ማሳደግ ይቻላል። ሙዝም ቢሆን የሚተካው በሥሩ ቡቃያ ነው። በሙዝ ላይ የሚፈለገው መመጠን ነው፦ እናት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ማስቀረት። ከቡቃያዎቹም ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ቀጭን የሆነውን መምረጥ፣ ገና በጨቅላነቱ ሰፊ ቅጠል የዘረጋውን ማንሣት። ቡና የሚያውቁ ጎረቤቶቻችንም ያረጀ ቡና ተጎንድሎ ከሚወጣው ቀንበጥ ሁለት ሦስቱ ተመርጦ እንደሚታደስ ይነግሩናል። እንግዲህ ጉዳዩ ቀንበጥን መጥላት አይደለም፤ የትኛው ከየት እንደ መጣ ማወቅ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ብልኅ ነው። «ዛሬ ዓለም የሚበላው ሃስ አቮካዶ ራሱ ከዘር የበቀለ፣ ሊያዳቅሉበት ሞክረው እንቢ ያለ ዛፍ አይደለም ወይ? ታችኛውን ብንተወው ደግ ነገር ቢያወጣስ?» ይላል። ታሪኩ ልክ ነው። ሩዶልፍ ሃስ የተባለ በካሊፎርኒያ የፖስታ አመላላሽ የነበረ ሰው በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ከተከለው ዘር አንዱ ላይ ሌላ ዝርያ ቀጥሎ አልይዝ ቢለው ተወው። ዛፉ ያፈራው ፍሬ ድንቅ ሆነ፤ በ1935 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት አወጣበት። እናት ዛፏ እስከ 2002 እ.ኤ.አ. ድረስ ቆማ ነበር። ነገር ግን ከዚያች ዛፍ ወዲህ ያሉት የሃስ ዛፎች ሁሉ ከእርሷ ዘር ሐረግ ቅርንጫፍ እየተቆረጠ የተዳቀሉ ናቸው። የሃስን ፍሬ በልተው ፍሬውን ቢዘሩት ሃስ አይወጣም። ከዘር የሚወጣ አቮካዶ ዕጣ ነው። ዕጣው አንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ደረሰ ብለን የሰፈሩን መንገድ ሁሉ ለዕጣ አንሰጥም፤ በተለይ ገንዘብ ከፍለን የገዛነው ከላዩ ቆሞ ሳለ።

አራተኛው የጥላ ነገር ነው። በመንገዳችን ዛፎች ሥር ቡናና ቆሎ እየሸጡ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች አሉ። ከእነርሱ አንዷን ስለ ዛፉ ጠይቄያቸው ነበር።

«እትዬ፣ ይኼ አቮካዶ አፍርቶ ያውቃል?»

«ኧረ የት አባቱ! ብቻ አይነካ ልጄ። ፍሬውን ማን ጠየቀው፤ ፀሐዩን ይከልክልልኝ እንጂ።»

ይህን ስሰማ በማስታወቂያው ላይ ያልተጻፈ ሒሳብ ታየኝ። ዛፉ ለማገዶ ሲሸጥ የሚገኘው ገንዘብ አንድ ጊዜ ነው። የእኒህ እናት ጥላ ግን በየቀኑ ነው። ዛፉ ከተስተካከለ ደግሞ ጥላውም ፍሬውም ይኖራል። በነገራችን ላይ እኒያ እናት የሚቀመጡበትን ዛፍ ሥሩን አይቼዋለሁ። ሁለት ግንድ አለው። ወፍራሙ ከጠባሳዋ በታች የወጣ ነው። ቀጭኑ፣ በጥላ ታፍኖ ሦስት ቅርንጫፍ ብቻ የቀረው፣ ያ የተገዛው ነው። አልሞተም። ይኸ ዛፍ በመጥረቢያ ከሚቆረጡት መዝገብ ውስጥ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ዛፍ ምን እናድርገው? ላይኛው በሕይወት ካለ ታችኛውን በሁለት ዙር ማንሣት ነው፦ ዘንድሮ ግማሹን፣ በሚቀጥለው ዓመት የቀረውን፤ ጥላውም በአንድ ቀን አይጠፋም። ላይኛው ጨርሶ ከሞተ ደግሞ ተስፋ አይቆረጥ። የሥር ቡቃያው ብርቱ ነው፣ ሥሩም መሬት ይዟል። ከቡቃያዎቹ አንድ ወይም ሁለቱን መርጦ ጥሩ ዝርያ እንደገና ማዳቀል ይቻላል። አዲስ ችግኝ ከመትከል ይልቅ ቶሎ ፍሬ ይሰጣል፣ ሥሩ ዝግጁ ነውና። ለዚህ ሥራ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ የግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ማስጠራት ይቻላል። ከአዳማ አለፍ ብሎም የፍራፍሬ ምርምር የሚካሄድበት የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ ከቢሾፍቱ ሩቅ አይደለም።

መቆረጥ ያለበት ዛፍ አለ ብዬ ነበር። ግንዱ የበሰበሰ፣ ሥሩ ታሞ ከላይ እስከ ታች የደረቀ፣ በሰው ላይ ሊወድቅ የዘመመ ይቆረጥ። የመብራት ገመድ የነካውን ግን እኛ መሰላል ይዘን አንንካው፤ የመብራት ኃይል ሠራተኞች ይጠሩ። ፍሬ ያጣ ዛፍ ሁሉም በቡቃያ ምክንያት ነው አልልም። አቮካዶ አበባው በአንድ ጊዜ እንደ ሴት፣ በሌላ ጊዜ እንደ ወንድ ሆኖ ሁለት ጊዜ የሚከፈት ነው። ስለዚህ አጠገቡ የሌላ ዓይነት ዝርያ፣ ለምሳሌ ለሃስ ኤቲንገር ወይም ፉኤርቴ፣ ሲኖር የተሻለ ይይዛል። ይኸም ቢሆን በመጥረቢያ የሚፈታ አይደለም።

በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ መትከልን ለምደናል። ጉድጓድ መቆፈር እናውቃለን፣ ፎቶግራፍ መነሣት እናውቃለን። ከተከልን በኋላ ያለውን ሥራ ግን የማንም አላደረግነውም። የግቢ ዛፍ ባለቤት አለው፤ የመንገድ ዛፍ የሁሉም ነው ይባላል፣ የሁሉም ደግሞ የማንም ይሆናል። ተከራዩ «የቤቱ ባለቤት ይየው» ይላል፤ ባለቤቱ «ማኅበሩ ይየው» ይላል። ቡቃያው ግን ማንንም አይጠብቅም።

ስለዚህ ለጠቅላላ ስብሰባው የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

1. የመቁረጡ ውሳኔ እስከሚቀጥለው ክረምት መውጫ፣ እስከ መስከረም መጨረሻ፣ ይቆይ። በሰው ላይ አደጋ ያለባቸው ዛፎች ብቻ አሁኑኑ ይታዩ።

2. ከማኅበሩ ሁለት ሦስት ሰዎች ተመርጠው እያንዳንዱን ዛፍ ጎንበስ ብለው ይመርምሩ። ጠባሳው ከታወቀ በኋላ በጠባሳዋ ላይ የነጭ ቀለም ምልክት ይደረግ። ከዚያ ወዲህ ሕፃን ልጅ እንኳ ከነጩ በታች የወጣውን መገንጠል ይችላል።

3. ማኅበሩ አንድ ጥሩ የመግረዣ መቀስና አንድ የእጅ መጋዝ ገዝቶ በጽሕፈት ቤቱ ያስቀምጥ፤ ነዋሪው እየፈረመ ይውሰድ፣ አጽድቶ ይመልስ። ገጀራ ወደ ዛፍ አናት መውጣቱ ይቅር።

4. እያንዳንዱ ዛፍ በፊቱ ለፊት ላለው ቤት በአደራ ይሰጥ። ተከራይም ሆነ ባለቤት፣ በሚያዝያ፣ በሐምሌ፣ በመስከረምና በኅዳር አንድ አንድ ጊዜ ይየው። በሥሩ የሚነግዱት እናቶችም ከፍሬው ድርሻ ይኑራቸው፤ ከማናችንም ይልቅ ቀኑን ሙሉ ከዛፉ ጋር የሚውሉት እነርሱ ናቸው።

ሥራው ሲታይ ብዙ ይመስላል። ነገር ግን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ተብሏል። ለአንድ ቤት የሚደርሰው አንድ ዛፍ ነው፤ የሚፈጀውም በዓመት አራት ጊዜ፣ በየጊዜው ቡና ተቆልቶ እስኪወቀጥ ያህል ነው። ይህን ሞክረን ዛፉ በእርግጥ መካን ሆኖ ከተገኘ ያን ጊዜ መጥረቢያው የትም አይሄድም። የተቆረጠው ግን ተመልሶ አይቀጠልም።

ለስብሰባው ከመምጣታችሁ በፊት፣ በደጃችሁ ያለውን ዛፍ ሥሩን ጠረግ አድርጋችሁ እንድታዩት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ያያችሁትን ይዛችሁ ኑ፤ ድምፃችንንም በዚያ ላይ ተመሥርተን እንስጥ።

ከሰፈሩ ነዋሪዎች አንዱ